የይርዳው ዕድሜ

የዶሮው ፈረሰኛ ለወንድሜ ለይርዳው የወጣለት ቀን ተናድጄ ሳልበላ ተኛሁ። ፈረሰኛ የአባወራ ነው። ቤታችን ዶሮ በተሠራ ቁጥር እናቴ ጥሩአየሁ ፈረሰኛውን አውጥታ አባቴ ፊት ታኖራለች፤ አባቴም ቀመስ አድርጎ የቀረውን ለእኛ ያጎርሰናል። ያን ቀን ግን በገዛ እጁ አንስቶ ይርዳው ፊት አደረገው። «ብላ፣ ያንተ ነው» አለው። ይርዳው ደንግጦ እናቴን አየ። እናቴ ፊቷን አዞረች። ወንድሜ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ስምንት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሁለታችን የሚደርሰን ክንፍና አንገት ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አባቴ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ ጥቁር የቆዳ ጫማ አስመጣለት። የሚተኛበትን የጠፍር አልጋ ለቀቀለትና ራሱ መደብ ላይ ተኛ። አጎቴ ቢሻው ሲመጣ «እንዴት ነህ ወንዱ?» እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ እናቴ ደጅ አስቀምጣ ጀርባውን በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ፣ ቀስ እያለች። «እኔንም» ብዬ ጀርባዬን ብሰጣት በጥፊ አለችኝ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም። ይርዳው ሊዳር ነው ብዬ አሰብኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ አይ፣ ጎንደር ለትምህርት ሊልኩት ነው አልኩ። የትኛውም ቢሆን ለምን እሱ ብቻ ብዬ ቂም ያዝኩበት።

ዛሬ ሃምሳን አልፌ መተማ ዮሐንስ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ያ ሳምንት ትዝ ሲለኝ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ በይርዳው ግን አይደለም። ለበዓል የሚታረድ በግም በመጨረሻው ሳምንት ገብስ ይሰጠዋል። የዘይቱን ነገር ካደግሁ በኋላ የነገረችኝ እናቴ ራሷ ናት። ቆዳው ሲለሰልስ ጅራፉ አይሰነጥቀውም ብሎ የመከራት አጎቴ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሰሊጥ ነው። እኛ የምንኖረው ኮኪት ነበር፣ ጊዜው ደግሞ 1973 ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር። ሰሊጥ ታጭዶ ይታሰራል፤ እስሩ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህን ቁም ክምር የኛ ሰው ሂላ ይለዋል። ሂላው ሲደርቅ የፍሬው ቋት ይከፈታል። ያን ጊዜ ሠራተኛው እያንዳንዱን እስር አቅፎ ወደ ሸራው ይሮጥና ዘቅዝቆ ያራግፈዋል። እየሮጠ መንገድ ላይ የሚያፈስሰው አለ፤ ከሸራው ጠርዝ የሚዘልለውም አለ። እርሻው የሀብታሞች በነበረበት ዘመን ከሸራው ውጭ የፈሰሰው የጠራጊ ነበር። የኮኪት ሴቶች መጥረጊያና ወንፊት ይዘው ይወጣሉ፣ ከአፈሩ ጋር ጠርገው ያነፍሳሉ፣ ያበጥራሉ። የጨውና የልብስ መግዣቸው እሱ ነው። የእርሻው ባለቤት አይቆጣም፤ እንዲያውም ጠራጊ ያልወጣበት አውድማ ባለቤቱን ያሳፍረው ነበር፣ ስስታም ይባልበታል።

አብዮቱ መጣና እርሻው የመንግሥት ሆነ። ሸራውም፣ መሬቱም፣ አቧራውም የመንግሥት ሆኗል ብሎ ለሴቶቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አባቴ ደሞዝ የአውድማው ዘበኛ ነበር። ሸራው ተጠቅልሎ መኪናው ሲሄድ፣ እንደ ድሮው፣ እጁን ያወዛውዝላቸዋል፤ እነሱም ይገባሉ። ከመካከላቸው አንዷ ትንሹን ወንድሜን ያዘለችው እናቴ ናት።

በዚያ ኅዳር እርሻው ጎደለበት ተባለ። ሁለት ኩንታል አይደለም የጎደለው፤ በመቶ የሚቆጠር ነው። ያን ያህል ሰሊጥ በመጥረጊያ አይወጣም፤ በመኪና ነው የሚወጣው፤ መኪና ያለው ደግሞ ማን እንደነበር ኮኪት ውስጥ ያለ ውሻ እንኳ ያውቀዋል። ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች ግን ባለመኪናዎቹን አልጠየቁም። የዘበኞችን ቤት ፈተሹ። እኛ ቤት ከአልጋው ሥር ሁለት ጆንያ ተገኘ። አንደኛው ፈታሽ ጆንያውን በጩቤ ሲቀድደው ሰሊጡ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ ሞቃት ነበር፣ ደስ ይል ነበር፣ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩበት። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ፈታሹ ከሰሊጡ ትንሽ ቆነጠረና እያኘከ «ይህ የሕዝብ ንብረት ነው» አለ። በሳምንቱ ሸሕዲ ከሚቀመጠው ችሎት እንዲቀርብ በአጎቴ በቢሻው ዋስትና ተዉት። ቢሻው የቀበሌ ጥበቃ ስለነበር ያምኑታል።

በማግስቱ ቢሻውና አባቴ ከቤታችን ጀርባ ካለው ኩርኩራ ሥር ተቀመጡ። እኔ ዛፉ ላይ ነበርኩ፣ ፍሬ ስለቅም፤ አላባረሩኝም።

«ለዘበኛ ጥይት ነው» አለ ቢሻው። «ጠብቅ ተብሎ አደራ የበላ ነው የሚሉህ። የኢኮኖሚ አሻጥር ይሉታል ክሱን። እንደ ሌላው ሌባ አይደለህም።»

«የጠረገችው እሷ ናት» አለ አባቴ።

«እሷን ብትሰጥ የሚጠባው ልጅ አብሯት ይገባል። ደሞስ ማን አስገባት አይሉህም? ዞሮ ዞሮ አንተው ዘንድ ነው የሚመጣ።»

አባቴ መሬቱን በእንጨት ይጭር ነበር። ቢሻው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጅ አይታሰርም፣ ደሞዝ። ሕግ ነው። አባቴ ተኝቶ እኔ ጠረግሁት ቢል፣ ልጅ ነው ብለው አሥር ጅራፍ ይገርፉትና እንካ ልጅህን ይሉሃል። አለቀ። ሥራህም አይነካ፣ ቤትህም አይፈታ።»

ከሰማሁት ሁሉ የያዝኩት ልጅ አይታሰርም የሚለውን ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወርጄ ሰፈር ውስጥ እየዞርኩ ለልጆቹ ሁሉ «ልጅ አይታሰርም፣ ሕግ ነው» እያልኩ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዶሮው የታረደው።

ወዲያው ትምህርቱ ተጀመረ። አባቴ ይርዳውን ፊቱ አቁሞ ይጠይቀዋል።

«ሰሊጡን ማን ጠረገው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባትህ የት ነበር?»

«ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። አያውቅም።»

«እናትህስ?»

«እሷም አታውቅም። አልጋ ሥር የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ይርዳው ከተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። እኔ ጎንደር የሚማርበት ትምህርት ቤት የሚፈትነው መስሎኝ ነበር። እኔም ብጠየቅ ብዬ ሁሉንም ሸመደድኩት፤ ይርዳው ሲያቅተው በከንፈሬ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን መልሱን ከጨረሰ በኋላ «አባባ፣ ቢያስሩኝስ?» አለ።

«ልጅ አይታሰርም አልሁህ እኮ» አለው አባቴ። ጭንቅላቱንም ዳሰሰው። አባቴ ሰው የሚዳስስ ሰው አልነበረም፤ በዚህም ቀናሁበት።

ከችሎቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐሚድ መጣ። ሐሚድ መተማ ዮሐንስ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ኮኪት እየመጣ ሰሊጥና ማሽላ ይገዛል፣ የእናቴንም ጥራጊ ለዓመታት የገዛት እሱ ነው። አባቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ልጁን ለኔ ስጠኝ» አለ። «ዛሬ ጭነት አለኝ። ከጆንያው ጋር አሻግረዋለሁ፣ ነገ ሱዳን ውስጥ እህቴ ቤት ነው። ወላሂ እንደ ልጄ አየዋለሁ። ነገሩ ሲበርድ ትወስደዋለህ።»

«እሱ ከጠፋ የሚታሰረው ማን ሊሆን ነው?» አለ አባቴ።

ሐሚድ ትክ ብሎ አየው። «አባቱ ነዋ» አለ። ከዚያ እናቴ ያቀረበችለትን ውኃ ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ።

እኔ ሐሚድ ወንድሜን ሊሰርቀው የመጣ መሰለኝ። ሱዳን ወስዶ ግመል ሊያስጠብቀው ነው ብዬ ፈራሁ። እንቢ ሲለው ሮጬ ሄጄ የአባቴን እግር አቀፍኩ፤ ስንት ጊዜ ሳምኩት ጉልበቱን። ይህን ሳስብ አሁን አፌ ይመርራል። ልጁን ሊያድን የመጣውን ሰው ሌባ አድርጌ፣ ለራሱ ነፍስ ሲል ልጁን የሚሰጠውን ሰው ጀግና አድርጌ ነው ያየሁት። ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ደግሞ አባቱን ነው የሚያምን። ይርዳውም እንደኔው አምኖታል።

ሸሕዲ የሄድነው በእርሻው መኪና ነው። ችሎቱ የተቀመጠው አንድ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሰው ተጨናንቆ ሙቀቱ አያስተነፍስም። ከፊት ሦስት ዳኞች፣ ካኪ የለበሱ፣ ከጎንደር የመጡ። ይርዳው አዲሱን ጫማ አድርጓል፤ ሲራመድ ይንጫጫል። አባቴ ወንዶቹ መሀል፣ እኛ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ትንሹ ወንድሜ እናቴ ጀርባ ላይ ነው።

ይርዳውን ሲጠይቁት መልሱን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። እኔ ነኝ። አባቴ ወባ ይዞት ነበር። እናቴም አታውቅም። እኔ ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ አብሬው እላለሁ፤ ምንም አልተሳሳተም። ፈተናውን አለፈ ብዬ እናቴን ጎሸም አደረግኳት።

ከዚያ ክሱ ተነበበ። ረጅም ነበር። ሁለት ጆንያ የሚል አልሰማሁም። የተነበበው እርሻው ላይ የጎደለው በሙሉ ነው፤ በመቶ የሚቆጠረው ኩንታል፣ ካልተያዙ ግብረ አበሮቹ ጋር፣ የአብዮቱን ኢኮኖሚ ለማናጋት። አባቴ ቀና ሲል አየሁት። እንዲህ ተብሎ አልነበረም የተመከረው። ጅራፍ የሚያስገርፍ ነገር አልነበረም የተነበበው።

የመሀለኛው ዳኛ ይርዳውን አየውና «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለው።

«አሥራ አራት።»

ዳኛው ወደ ጎን ተመለከተ። አዛናው ተጠራ። አዛናው የሰሊጥ አራጋፊዎቹ ካቦ ነው፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያባርር። ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አለ። «እኔ ልጅ አልቀጥርም፣ ክልክል ነው። መስከረም ላይ አባቱ ናቸው ይዘውት የመጡ። ይርዳው ይሙት አሥራ ስምንት ነው ብለው ምለው ነው ያስቀጠሩት። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

እውነቱን ነው። እኔም ነበርኩ ያን ቀን። ለልጅ ሥራ የለም ሲባል አባቴ የራሱን ጋቢ አልብሶ፣ ደረትህን ንፋ ብሎ፣ ይርዳውን አዛናው ፊት ያቆመው ሙሉ የጎልማሳ ሂሳብ እንዲከፈለው ነው። አዛናውም ፂም የሌለውን አገጩን አይቶ ሳቅ አለ፣ «ይሁን» አለ። ሁለቱም ያውቁ ነበር። እንደዚያ ዓይነቱ መሐላ በየሰፈሩ በየቀኑ ይማላል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በመኸር ጊዜ ኮኪት ውስጥ አሥራ ስምንት ያልሞላው ወንድ ልጅ አልነበረም።

ዳኛው ወደ ሰዉ ዞረ። «አባቱ አለ?»

አባቴ ተነሣ።

«ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?»

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን ለኔ አልነበረም። አሥራ አራት ነው ቢል ይርዳው ልጅ ይሆናል። ግን ያኔ አባቴ መንግሥትን በሐሰት መሐላ ያታለለ ዘበኛ ነው፤ አታላይ ከተባለ ደግሞ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር የሚለውን ማን ይቀበለዋል? ክሩን ከጫፉ ከሳቡት ሁሉም ተተርትሮ እሱ ላይ ነው የሚያልቀው። አንዲት ቃል ነበር የሚጠበቅበት። ይርዳው ዞሮ ያየዋል፤ ትምህርቱን በትክክል መልሶ ቀጣዩን ጥያቄ እንደሚጠብቅ ተማሪ ነው ያየው።

«ያኔ የተናገርሁት ነው» አለ አባቴ።

«ስንት?»

«አሥራ ስምንት።»

እኔ ኮራሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ የጎረምሳ ዕድሜ የሚሰጠው ብዬ ነበር፤ ሰው ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ በአባት አፍ። አጠገቤ የተቀመጠችውን የማላውቃትን ሴት በክርኔ ነካ አድርጌ «ወንድሜ አሥራ ስምንት ሞላው» አልኳት። ሴትየዋ አየችኝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እናቴ ተነሣች። የሷን ድምፅ እንዲህ ጎልቶ ሰምቼው አላውቅም።

«የጠረግሁት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። እሱ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ይሄ እርሻ መጀመሪያ በትራክተር የታረሰ ጊዜ ነው የወለድሁት። ትራክተሩን ሊያይ ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ ምጥ ይዞኝ ቤት ቀረሁ። የኮኪትን ሰው ጠይቁ።»

«እናት ሁሉ እንዲህ ትላለች» አለ ዳኛው። አልተቆጣም፤ የሰለቸው ይመስል ነበር። «ልጁ ራሱ አምኗል። አባቱም ዕድሜውን ተናግሯል። አስወጧት።»

ሁለት ወታደሮች ይዘዋት ሲወጡ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ይጮሃል። እኔ ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። ፍርዱ ሲሰጥ ደጅ ነበርን። ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት። ይርዳውን በሌላ በር አወጡት፣ እጁን ከአንድ ሽማግሌ እጅ ጋር አስረው። መኪናው ላይ ሲሰቀል ጫማው አንዱ ወለቀ፤ ወታደሩ አንስቶ ወረወረለት። ስምንት ዓመት እኔ እስከዚያ ቀን የኖርኩት ዕድሜ በሙሉ ነው፤ ለኔ ማለቂያ ያለው ነገር አልመሰለኝም። እንደዚያም ሆኖ፣ ልጅ አይታሰርም ስለተባለ፣ ያለቀስኩት ጎንደር ለትምህርት ሲሄድ ሳልሰናበተው ቀረሁ ብዬ ነው።

ከሱቄ በስተኋላ ሷሊህ የሚባል ወጣት ጠበቃ ቤት ተከራይቶኝ ይኖራል። ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አስቀምጬ ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ሕጉ ምን ይል ነበር? ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለውን ልጅ ከአዋቂ ጋር አያስርም ነበር አለኝ። ይመከራል፣ ለወላጅ ይሰጣል፣ ይገረፋል፣ ቢብስ የልጆች ማረሚያ ቤት ይገባል። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለውንም ዳኛው ሊያቀልለት ይችል ነበር። አሥራ ስምንት ከሞላው ግን እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ነው።

«ይህ ያን ጊዜ ነበር? በደርግ?» አልኩት።

«መጽሐፉ ላይ ነበር፣ እትዬ ዙፋን» አለኝ። «ይሠሩበት አይሠሩበት ሌላ ነው።»

እንግዲህ ቢሻው የነገረው ውሸት አልነበረም። ይህ ነው የባሰ የሚያንገበግበኝ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ተታለሉ ብዬ ባዘንኩላቸው። ልጅ አይታሰርም የሚለውን ሕግ አምነው ልጅ ሰጡ፤ ሕጉ ልጅ መሆኑን ንገሩኝ ሲላቸው አይደለም አሉት። ዳኞቹንም አልምራቸውም። ፂም የሌለው፣ ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ፊታቸው ቆሞ እያዩት፣ ለጎደለው ኩንታል ስም ስለፈለጉ የመሐላን ወሬ ያዙ። አንዳቸውም ቀረብ ብለው ፊቱን አላዩትም።

ሁለት ዓመት ከእናቴ ጋር ወህኒ ቤት ተመላለስን። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ጎንደር እንወጣለን፤ ብርዱ ለቆላ ሰው አይቻልም። ይርዳው ከጎልማሶች ጋር ነው የታሰረው፤ ነፍሰ ገዳይም ነበረበት። መጀመሪያ ስናየው ያለቅስ ነበር። ቀጥሎ ማልቀሱን ተወ፤ ቀጥሎ ማውራቱን ተወ። ድምፁ እዚያው ውስጥ ጎረነነ። ስለ አባቴ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። አባቴም አንድ ቀን አልመጣም፤ እኛ የምንሄድ ሰሞን ሁልጊዜ ወባው ይነሣበታል። እናቴ ስንመለስ ታበላዋለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ከዚያ ውጭ አታናግረውም። እኔ ደክሟት ነው እል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ስንደርስ የበሩ ዘበኛ የያዝነውን ስንቅ መለሰልን።

«የለም» አለ። «ዕድሜያቸው የደረሰውን ለጦር ወስደዋቸዋል።»

«እሱ አልደረሰም» አለች እናቴ።

«አሥራ ስምንት ሲገባ ሞልቶት ነበር አይደል? እንግዲህ ሃያ ነው።»

እናቴ አልተከራከረችም። ስንቁን ተሸክማ እስከ መኪናው ሄደች፣ መንገድ ላይ ላገኘቻቸው የሰው ልጆች አንድ በአንድ አደለችው።

መርዶው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በጠዋት መጣ። የት እንደሞተ ተነግሮናል፤ በሰሜን ጦር ግንባር ያለ፣ ስሙን እኛ የማናውቀው ተራራ ነበር። ደጃችን ዳስ ተጣለ፤ የኮኪት ሰው በሙሉ መጣ። ቢሻው መጣ። አዛናውም መጣ፣ ራሱን ደፍቶ ጥግ ተቀመጠ። ከጎጃም ለምንጣሮ የመጡ የቀን ሠራተኞች እንኳ ሥራ ትተው ገቡ። ሴቶቹ ከእናቴ ጋር በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ ከአባቴ ጋር በሌላው። ከጎጃሞቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ አገሩ እንደሚደረገው አባቴ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሟቹ ጠየቀው።

«እንዲያው ስንት ዓመቱ ነበር ልጅዎ?»

አባቴ ደረቱን መታ። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። «ገና አሥራ ስድስት» አለ፣ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። «አሥራ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው፣ ወንድሜ። ገና ልጅ ነው። ሕፃኔን ነው የቀጠፉብኝ።» እንባው ፂሙን አርሶታል። ውሸት አልነበረም፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ቢሻው ደግፎ ያዘው።

እናቴ ማልቀስ አቆመች። ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ወንዶቹ ጋ ሄደች። ይህ አይደረግም፤ ግን ማንም አላስቆማትም።

«ስንት ነው ያልኸው?» አለችው።

አባቴ ቀና ብሎ አያት።

«ለዚህ ሰው ስንት ነው ያልኸው፣ ደሞዝ?»

«አሥራ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር፤ መደመርና መቀነስ እችላለሁ። አሥራ ስድስት ከሆነ ሸሕዲ ላይ አሥራ አራት ነበር። አሥራ አራት እንደነበር አባቴ ያውቅ ነበር። ዶሮው፣ ጫማው፣ የሐሚድ መምጣት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። በችሎቱ ቀን አጠገቤ የነበረችው ሴት ለምን አፏን እንደሸፈነች ገባኝ። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሟት እንዳልነበረም ገባኝ።

«ዳኛው ሲጠይቅህ ይህን ብትል ኖሮ» አለች እናቴ፣ «ዛሬ የምናለቅስለት ሰው አልነበረም።»

ጮኻ አልተናገረችውም። ግን ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ። እናቴ ትንሹን ወንድሜን አዘለች፣ የኔን እጅ ያዘች፣ ከዳሱ ወጣን። በዚያው ቀን በሐሚድ መኪና መተማ ዮሐንስ ገባን፤ ወደ ኮኪት ቤታችን አልተመለሰችም፣ እስክትሞትም አንድ ቀን የአባቴን ስም አላነሳችም።

የሆነውን በኋላ የነገሩን የሰፈራችን ሴቶች ናቸው። እኛ ስንወጣ መጀመሪያ የተነሡት የማያውቁን ጎጃሞች ነበሩ አሉ። ከዚያ ሌላው ሰው አንድ በአንድ ተነሣ። አዛናው ወጣ። ቢሻውም ወጣ። አባቴ እንጨትና ቅጠሉ ሥር ብቻውን ቀረ። ከዚያ ሁሉ ሰው እግዜር ያጥናህ ብሎት የወጣ የለም። እሱ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ኮኪት ነው የሚኖረው፤ እኔም እስከ ዛሬ አላልኩትም።